የአቧራው ባለቤት ማን ነው?

ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ ቤቷን ማደስ ትጀምራለች፡፡ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳ ይቀባል፤ ለሠርግ ሳሎን ይሰፋል፤ ተከራይ የለቀቀው ክፍል ለሚቀጥለው ተከራይ ይታደሳል፡፡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ምክንያት ሥራው ወቅት የማይጠብቅ ሆኗል፡፡ በጀሞም ሆነ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የተረከቡት ያለቀ ቤት ሳይሆን የቤት አጥንት ነው፡፡ ወለሉን፣ ልስኑን፣ ሴራሚኩንና ኮርኒሱን የሚጨርሰው ባለዕጣው በራሱ ኪስ ነው፡፡ ሁሉም አቅሙ በፈቀደለት ጊዜ ስለሚጨርስ አንድ ብሎክ ዓመታትን በፊኒሺንግ ሊያሳልፍ ይችላል፡፡ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራስ ተኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግራይንደር ይጮኻል፡፡

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ከፊሉን ሥራ በገዛ እጁ የሚሠራም አለ፡፡ ቅዳሜና እሁድን ግድግዳ ሲፍቅ፣ ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ የዋለ የባንክ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት ጉሮሮው ተከርክሮ ቢሮ ይገባል፡፡ አፍንጫውን ሲናፈጥ መሐረቡ ላይ ነጭ ዱቄት ያያል፡፡ ከዚያም ጭንቀት ይጀምራል፡፡ «የሳብኩት አቧራ ሳንባዬ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? ከዓመታት በኋላ ይገድለኝ ይሆን?» ይላል፡፡

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው፡፡ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው አቧራ መሐል፣ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ አንድ ሌላ ሰው አለ፡፡ ሊጨነቅ የሚገባው በእርግጥ እሱ ነበር፡፡ ስለ እሱ ሊጨነቁ የሚገባቸው ደግሞ አሠሪው፣ ሐኪሙና ሕጉ ነበሩ፡፡

አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም

አስቀድመን የባንክ ባለሙያውን እናረጋጋው፡፡ አቧራ ስም ብቻ ነው፤ አደጋው የሚለካው በሦስት ነገር ነው፡፡ ከምን እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደደቀቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሳበ፡፡

ከምን መጣ ለሚለው፣ ጂፕሰም ሲፋቅ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ዓይንና ጉሮሮ ያስቆጣል እንጂ ከከፋው ወገን አይመደብም፡፡ የሲሚንቶ ብናኝ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፡፡ ዋናው ጠላት ሲሊካ ይባላል፡፡ በአሸዋ፣ በኮንክሪት፣ በብሎኬት፣ በጡብ፣ በሴራሚክና በግራናይት ውስጥ አለ፡፡ እምነበረድ ውስጥ አነስተኛ ነው፡፡ በአንጻሩ በፋብሪካ ተሠርቶ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚውለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊይዝ ይችላል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሲሊካን ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል፡፡ የእንጨት ብናኝም ከዚያው ምድብ ውስጥ ስላለ አናጢውም ከነገሩ ውጭ አይደለም፡፡

ሁለተኛው መጠን ነው፡፡ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፡፡ መሐረብ ላይ የምናየው ሻካራ አቧራ አፍንጫ የያዘው፣ ሥራውን የሠራ አፍንጫ ማስረጃ ነው፡፡ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ነው፡፡ ግራይንደሩ ጠፍቶ፣ ሠራተኛው ወጥቶ፣ ክፍሉ የጠራ መስሎ እያለ እንኳ ይህ ብናኝ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፡፡ በሌላ አነጋገር የሚያስፈራው አቧራ የሚታየው አይደለም፡፡

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚስበው አየር በአማካይ በሜትር ኪዩብ ከ50 ማይክሮ ግራም በላይ ደቃቅ ሲሊካ እንዳይኖረው ከልክላለች፡፡ ቁጥሩን ወደ ቤታችን እናምጣው፡፡ አራት በአራት የሆነ፣ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል፡፡ በዚህ ክፍል ውስጥ ከወሰኑ ለመድረስ የሚበቃው 2.4 ሚሊ ግራም ተንሳፋፊ ብናኝ ነው፡፡ ይህም የአንድ ቁንጥጫ ጨው መቶኛ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ አንድ ሴራሚክ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣውን ደመና ያየ ሰው ስሌቱን ራሱ ይጨርሰው፡፡

ሦስተኛውና የባንክ ባለሙያውን የሚያረጋጋው ጊዜ ነው፡፡ ሲሊኮሲስ የሚባለው፣ ሳንባን ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ የሚለውጠው በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በአቧራ ውስጥ ከሠሩ በኋላ ነው፡፡ ብናኙ እጅግ ሲበዛ በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ የሚከሰትበት ሁኔታ አለ፡፡ ሁለት ቀን ግድግዳ የፋቀ ጤነኛ ሰው ግን የሚያገኘው በአመዛኙ ከቀናት በኋላ የሚያልፍ የጉሮሮ መከርከርና ሳል ነው፡፡ አስም ያለበት ሰው ቶሎ ሊባባስበት ስለሚችል ከሥራው ቢርቅ ይሻለዋል፡፡ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ትኩሳት ከተከተለ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ ግን ነገሩን በአቧራ ማሳበብ ትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፡፡

በአሮጌ ቤት ሁለት ነገሮች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ፡፡ አንዱ በር፣ መስኮትና ግድግዳ ላይ ያለ የቆየ የዘይት ቀለም ነው፡፡ በውስጡ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ በደረቁ ሲፋቅም ብናኙ ወለል ላይ አርፎ በሚድሁ ሕፃናት እጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል፡፡ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅለትም፡፡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፡፡ ጥሩ ደንብ ነው፤ የሚገዛው ግን ሱቅ ውስጥ ያለውን ቆርቆሮ እንጂ ከዚያ በፊት ግድግዳ ላይ የደረቀውን ቀለም አይደለም፡፡

ሁለተኛው አስቤስቶስ ነው፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ ለጣሪያ ክዳን፣ ለኮርኒስና ለውሃ ቱቦ ውሏል፡፡ የሚያመጣው ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር ከ20 እስከ 50 ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፡፡ አሮጌ ቤት ላይ ቆርቆሮ ያልሆነ፣ ግራጫ፣ ሲሚንቶ የመሰለ ሸንሸን ያለው ክዳን ያገኘ ሰው በዓይኑ አይቶ መለየት አይችልምና እስኪመረመር ድረስ አስቤስቶስ እንደሆነ ቆጥሮ አለመጋዝና አለመስበር ይበጀዋል፡፡ የግድ መነሳት ካለበትም ረጥቦ፣ ሳይሰበር፣ በሙሉው ይነሳ፡፡

ወተትና መሐረብ

በሠራተኞች ዘንድ የታወቁ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፡፡ ማታ ወተት መጠጣት፣ ቀን ደግሞ አፍን በሻሽ ወይም በመሐረብ ማሰር፡፡ ደግ የሚባለው አሠሪም የወተት ብር ይሰጣል፡፡ ወተት ምግብ ነው፤ ማንም ቢጠጣው አይጎዳም፡፡ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፡፡ ሁለቱ አይገናኙም፡፡ መሐረቡም ሻካራውን ይይዝና ደቃቁን ያሳልፋል፡፡ ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ የለመድነው ሰማያዊ የሐኪም ማስክም ለዚህ አልተሠራም፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፡፡ ለዚህ የሚሆነው ኤን 95 ወይም ኤፍ.ኤፍ.ፒ. 2 የሚባለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 94 በመቶ ደቃቅ ብናኝ እንዲያስቀር ታስቦ የተሠራ ነው፡፡ ጢም ባለበት ፊት ላይ ግን ስለማይገጥም ጥቅሙ ይቀንሳል፡፡

ከማስክ የሚቀድመው አቧራውን አለማስነሳት ነው፡፡ ለዚህ ደግሞ ከውሃ የተሻለ ነገር አልተገኘም፡፡ የሚቆረጠው ድንጋይ እየራሰ ቢቆረጥ፣ የሚፋቀው ግድግዳ ረጥቦ ቢፋቅ፣ የሚጠረገው ወለል በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል አብዛኛው ብናኝ አየር ላይ ሳይወጣ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፡፡ የኤሌክትሪክ መሣሪያና ውሃ አብረው ስለማይሄዱ ለመቁረጫው የውሃ ማቆሪያ ያለውን የሴራሚክ መቁረጫ መጠቀም፣ ወይም ሴራሚኩን በእጅ መቁረጫ ጭሮ መስበር ይመረጣል፡፡ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ውሃ አርከፍክፉ» ማለት ቀልድ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አልዘነጋሁም፡፡ ሲሚንቶ ለማቡካት በርሜል ውሃ የሚገዛ ባለቤት ግን ለአቧራው አንድ ባልዲ መጨመር አያቅተውም፡፡

ጥያቄውን የማይጠይቀው ሰው

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እንምጣ፡፡ ሴራሚክ ቆራጩ፣ ልስን ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው፣ ወይም ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውና ለአፍራሽነት የተጠራው የቀን ሠራተኛ፡፡ የባንክ ባለሙያው በሕይወቱ አንዴ የሚያገኘውን አቧራ እሱ በሳምንት ስድስት ቀን ያገኘዋል፡፡ ዛሬ ሰሚት ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ጎፋ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አያት፡፡ አድራሻው እንደ ሥራው ይለዋወጣል፡፡ ዕድሜው ብዙ ጊዜ በሃያዎቹ ውስጥ ስለሆነ አሁን ምንም አይሰማውም፡፡ ሲሊካ ደግሞ ተንኮሉ ይኸው ነው፤ ሲገባ አያስነጥስም፣ ሲሠራ አያምም፣ ሲገለጥ አይድንም፡፡ ሲሊኮሲስ የሚያድን መድኃኒት የለውም፡፡

አንድ ቀን በአርባዎቹ ዕድሜው ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንበል፡፡ አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው አገሮች መካከል ናትና ባለሙያው ቀድሞ ቲቢን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፡፡ ችግሩ ሲሊኮሲስ በራጅ ላይ ቲቢን መምሰሉ ነው፡፡ ይባስ ብሎ ሲሊካ ያለበት ሳንባ ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፡፡ ታዲያ ሕክምናው ቢያልቅም ትንፋሹ አይመለስም፤ ሰውየው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል፤ ወደ ጠበሉም፣ ወደ አገር ቤትም ይሄዳል፡፡ ሲሞት ቲቢ ገደለው ይባላል፡፡ ሙያው ገደለው የሚል መዝገብ የትም አይኖርም፡፡

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፡፡ በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፉ፣ ሐኪም ታማሚውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሙያህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር መክሮ ነበር፡፡ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ ጉዳይም ያኔውኑ አንስቷል፡፡ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ በእኛ ካርድ ክፍሎች ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ቀበሌ ይጠየቃል፡፡ ሙያ ቢጠየቅ እንኳ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ይታለፋል፡፡ የምን ሥራ? ስንት ዓመት? በምን አቧራ ውስጥ? የሚለው የለም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ሰጥቷል፤ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ይላል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዛል፡፡ በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ በአንቀጽ 98 ደግሞ ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የሚመጣ በሽታ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል፡፡ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥበቃ ከብዙ አገሮች ሕግ አያንስም፡፡

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጀምረው «አሠሪ» የሚባል ሰው ሲገኝ ነው፡፡ አዋጁ በአንቀጽ 3 ለትርፍ ላልሆነ ሥራ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥርና በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣል፡፡ ስለዚህ የሴራሚክ ቆራጩን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርብ ጠበቃ የሚሰማው መከላከያ ከወዲሁ የታወቀ ነው፡፡ ባለቤቱ «እኔ ቤቴን አሳደስኩ እንጂ አላተረፍኩም» ይላል፡፡ ሥራውን የያዘው ኮንትራክተር «እሱ በካሬ ተዋውሎ በራሱ ኃላፊነት የሠራ ባለሙያ ነው» ይላል፡፡ ያገናኘው ደላላ ስልኩን ያጠፋል፡፡ ሠራተኛው መሐል ላይ ይቀራል፡፡ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ቢሆን ፋብሪካ ይጎበኝ እንደሆነ እንጂ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አይወጣም፡፡

የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፡፡ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል፡፡ እዚህ ግን ጥፋትን ማስረዳት የተጎጂው ሸክም ነው፡፡ አርባ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው የየትኛው ቤት አቧራ ጎዳኝ ብሎ ያስረዳል? ከዚያም የባሰው አንቀጽ 2143 ነው፤ ክሱ ጉዳት ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፡፡ ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? አቧራው የተሳበ ቀን ወይስ ራጁ የተነበበ ቀን? የመጀመሪያውን ትርጉም ከያዝን፣ አሥር ዓመት ተደብቆ የሚሠራ በሽታ ሁሉ ገና ሳይወለድ በይርጋ ይሞታል፡፡

ይህ የክፍል ውስጥ ክርክር አይደለም፡፡ በጣሊያን ካሳሌ ሞንፌራቶ ከተማ የነበረ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ የከተማው ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት በሜሶቴሊዮማ መሞቱን አላቆመም፡፡ የቱሪን ፍርድ ቤት በ2012 የኩባንያውን የቀድሞ ባለቤት በ16 ዓመት እስራት ቀጣ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2013 ወደ 18 ከፍ አደረገው፡፡ በኅዳር 2014 ግን ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የአደጋው ወንጀል ፋብሪካው ሲዘጋ አብቅቷል፣ ይርጋውም አልፏል በማለት ፍርዱን ሻረው፡፡ ሌሎች ክሶች ከዚያ በኋላ ቢቀጥሉም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሽታው ከሕጉ የበለጠ ትዕግሥት አለው፡፡

ተስፋ የሚሰጠው ምሳሌ ከራሳችን አህጉር ነው፡፡ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች በሲሊኮሲስና በቲቢ ምክንያት በቡድን ከስሰው፣ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. 5 ቢሊዮን ራንድ ገደማ የሚያወጣ የካሳ ስምምነት አጽድቆላቸዋል፡፡ ከ1965 ጀምሮ የሠሩትን፣ ከሌሴቶና ከሞዛምቢክ የመጡትን፣ የሞቱትንም ቤተሰቦች የሚጨምር ነበር፡፡ እነሱን ከእኛ ሴራሚክ ቆራጭ የሚለያቸው የሳንባቸው ሁኔታ ሳይሆን መዝገብ ነው፡፡ ማን፣ የት ማዕድን፣ ስንት ዓመት እንደሠራ የተጻፈ ነገር ነበራቸው፡፡ አውስትራሊያም ወጣት ድንጋይ ቆራጮቿ ሳንባቸው ጠባሳ ሲሆን አይታ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሠራሹን ድንጋይ ከዓለም ቀድማ አግዳለች፡፡

ጎረቤትስ? ፎቅ ላይ የሚኖረውን ቤተሰብ በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትንም በተለይ ያነሳል፡፡ «በተለይ» ማለት «ብቻ» ማለት ስላልሆነ አቧራ ከዚህ ውጭ ነው የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላምንም፡፡ ሕጉ መመዘኛ ያደረገው ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍን ነው፡፡ ቤት ማደስ መብት ነው፤ በሩን በላስቲክ ሳይጋርዱ፣ ደረጃውን ሳያረጥቡ፣ ለአራሷ ቤት አንድ ቀን አስቀድሞ ሳይናገሩ መቁረጥ ግን ከልክ ማለፍ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ከእኛ እንጀምር፡፡ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ አሠሪው ነው፡፡ ቤት ሲያሳድስ ስለ ሴራሚኩ ዓይነት አንድ ሳምንት ይከራከራል፤ ውሉ ላይ ስለ አቧራ አንድ መስመር አይጽፍም፡፡ ሁለት መስመር ይበቃል፤ «ቆረጣ በውሃ ይሆናል፤ ማስክ ባለቤቱ ያቀርባል፡፡» ለወተት የሚሰጠው ብር ለማስክ ይዋል፡፡ ሠራተኛው «ይከብደኛል፣ ያፍነኛል» ብሎ ቢያወልቅ ያስረዳው እንጂ «እሱ ነው ያልፈለገው» ብሎ አይለፈው፡፡ አዋጁም ቢሆን አቅርብ ብቻ ሳይሆን አስተምር ነው የሚለው፡፡

ሁለተኛ፣ የጋራ ሕንፃ ማኅበራት የቆረጣ ሰዓትና ቦታ ይወስኑ፡፡ ግቢ ውስጥ በውሃ የሚቆረጥበት አንድ ጥግ መለየት ለማንም አይከብድም፡፡ ሦስተኛ፣ በጤና ጣቢያ ለሚያስል ሰው ሁሉ የሙያ ጥያቄው በዝርዝር ይጠየቅ፤ ይመዝገብም፡፡ መዝገብ ከሌለ ካሳ የለም፤ ስለ ችግሩ ስፋትም መነጋገር አይቻልም፡፡ አራተኛ፣ ሕግ አውጪው ሁለት ነገር ያስተካክል፡፡ በቤት እድሳት ላይ ሥራውን የያዘው ኮንትራክተር፣ ሠራተኛውን በካሬም ይቅጠረው በቀን፣ ለጤናው እንደ አሠሪ ይጠየቅ፡፡ ዘግይተው ለሚገለጡ በሽታዎችም ይርጋው መቆጠር የሚጀምረው በሽታው ከሥራው መምጣቱ ከታወቀበት ቀን ይሁን፡፡ እስከዚያውም ዳኞች አንቀጽ 2143ን በዚሁ መንገድ እንዳይተረጉሙት የሚከለክላቸው አላየሁም፡፡

«ይህ ሁሉ የግንባታን ዋጋ ያንረዋል» የሚል ይኖራል፡፡ ሲሚንቶና ብረት ያናሩት ዋጋ ላይ ማስክና ባልዲ ውሃ የሚጨምሩት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፡፡ ደግሞም ዋጋው አሁንም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የተለየው፡፡ እኛ የተቆጠበውን ብር እንቆጥራለን፤ እሱ ትንፋሹን ይከፍላል፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሲሊካ ያቃጠለውን ሳንባ የሚመልስ ቅጠል እስካሁን አልተገኘም፡፡